ድርቁ ያው ሆኖ ሳለ ጉዳቱ ለምን ይለያያል?



ለሥራችን ድጋፍ ከምታደርጉ ወገኖች አንድ ጥያቄ በተደጋጋሚ ይቀርብልናል። «ድርቅ በአገራችን የቆየ ነው፤ ጎርፍም እንዲሁ። ታዲያ በአንዱ ዓመት ሕዝብ ሲያልቅ በሌላው ዓመት በችግርም ቢሆን የሚታለፈው ለምንድን ነው? በየጊዜው የምንሰጠው ዕርዳታስ ያመጣው ለውጥ አለ ወይ?» የሚል ነው። ጥያቄው ተገቢ ስለ ሆነ በዚህ እትም የምናውቀውን በግልጽ ለማስረዳት እንሞክራለን። መልሱን አስቀድመን በአጭሩ ብንናገር፣ ዝናቡ አደጋውን ያመጣል እንጂ ጉዳቱን ብቻውን አይወስንም። ጉዳቱን በአብዛኛው የሚወስነው በሁለት አደጋዎች መካከል ባሉት ጸጥ ያሉ ዓመታት የተሠራው ወይም ሳይሠራ የቀረው ሥራ ነው።

ጉዳት ከሦስት ነገሮች ይመነጫል

አንደኛው ነገር የአደጋው ብርታት ነው። ዝናቡ ምን ያህል ቀረ? ስንት ወቅት በተከታታይ ቀረ? ጎርፉስ ምን ያህል ከፍ አለ? ሁለተኛው በአደጋው መንገድ ላይ ያለው ሰው፣ ከብት፣ እርሻና ቤት ብዛት ነው። በረሃ ላይ የፈሰሰ ደራሽ ውኃ የሚወስደው አሸዋ ነው፤ ያው ውኃ በመንደር መካከል ቢያልፍ የሚወስደው ሕይወት ነው። ሦስተኛው አደጋው የደረሰበት ሰው የመቋቋም አቅም ነው። ከነዚህ ከሦስቱ አንዱ ሲለወጥ ጉዳቱም ይለወጣል።

ሦስተኛውን ለመረዳት ጎን ለጎን የሚኖሩ ሁለት ገበሬዎችን እናስብ። አንደኛው በጎተራው ጥቂት እህል አለው፤ ሁለት በሬዎች አሉት፤ ዕዳ የለበትም። ሁለተኛው አንድ በሬ ብቻ ነው ያለው፤ ዘሩንም የዘራው በብድር ነው። ዝናቡ ለሁለቱም እኩል ቀረ። የመጀመሪያው ጎተራውን ያራግፋል፣ ፍየሎቹን ይሸጣል፣ ወገቡን ጠበቅ አድርጎ ክረምቱን ይጠብቃል። ሁለተኛው ግን የሚሸጠው ፍየል ስለሌለው በሬውን ይሸጣል፤ ቀጥሎም ለዘር ያስቀመጠውን ይበላል። በሚመጣው ዓመት ዝናቡ ቢጥል እንኳ የሚያርስበት በሬና የሚዘራው ዘር የለውም። መሬቱን ለሌላ ሰው በእኩል ሰጥቶ ግማሽ ምርት ይወስዳል። እንግዲህ ድርቁ በሰማይ ላይ አበቃ፤ በዚህ ሰው ቤት ግን ገና አላበቃም። ሁለተኛው ድርቅ ሲመጣ የሚያገኘው ከመጀመሪያው ይልቅ የደከመ ቤተሰብ ነው። አባቶች «የወደቀ ግንድ ምሣር ይበዛበታል» ያሉት ለዚህም ይሠራል።

በዚህ ላይ የገበያው ነገር ይጨመራል። በድርቅ ጊዜ ሁሉም ከብቱን በአንድነት ወደ ገበያ ሲያወጣ የከብት ዋጋ ይወድቃል። እህል የሚገዛው ሰው ደግሞ ስለሚበዛ ብዙ ጊዜ የእህል ዋጋ ይወጣል። እህሉ ባይወደድ እንኳ ምርቱም ከብቱም ያለቀበት ሰው የሚገዛበት ገንዘብ አይኖረውም። በ1965 እና በ1966 ዓ.ም. በወሎ ስለ ደረሰው ረሃብ ያጠኑት የምጣኔ ሀብት ሊቅ አማርትያ ሴን በ1981 እ.ኤ.አ. ባሳተሙት መጽሐፍ ይህንኑ አመልክተዋል። በረሃቡ ጊዜ በደሴ ገበያ የእህል ዋጋ እጅግ አልናረም ነበር፤ ከወሎ ወደ ሌላ ስፍራ የሚወጣ እህልም ነበር። ሕዝቡ የተራበው በአገሩ ጨርሶ እህል ስላልነበረ ሳይሆን እህሉን የሚገዛበት አቅም ስላልነበረው ነበር።

በሰሜኑ ክፍል የታየው

የሦስቱን ነገሮች አሠራር ለማየት አንድን አካባቢ በተለያዩ ዓመታት ማወዳደር ይጠቅማል። የሰሜኑን ደጋና ወይና ደጋ እንውሰድ።

በ1966 ዓ.ም. የወሎ ረሃብ ተደብቆ ከቆየ በኋላ ገሃድ ሲወጣ የዕርዳታ ማስተባበሪያና ማቋቋሚያ ኮሚሽን ተቋቋመ። ከአሥር ዓመት በኋላ፣ በመጋቢት 1976 ዓ.ም.፣ ይኸው ኮሚሽን እየመጣ ስላለው ችግር ለለጋሾች ማስጠንቀቂያ ሰጥቶ ነበር። ስለዚህ አይቶ የተናገረ አልጠፋም። ነገር ግን የዓለም ሕዝብ የኮረምን ሰቆቃ በቴሌቪዥን አይቶ የተነሣው በጥቅምት 1977 ዓ.ም. ነው። በመካከሉ ሰባት ወር አለፈ። በዚህ ጊዜ በትግራይ፣ በወሎና በኤርትራ ጦርነት ነበር፤ መንገዶች ተዘግተዋል፤ እህል ከተረፈበት ወደ ጎደለበት በነጋዴ እጅ እንዳይዘዋወር ገደብ ተጥሏል፤ ገበሬውም ለመንግሥት በኮታ እህል እንዲያስገባ ይገደድ ነበር። በዚያ ረሃብ የሞቱት በመቶ ሺዎች የሚቆጠሩ ናቸው። «ድርቅ ገደላቸው» ብንል ግማሹን ብቻ መናገር ይሆናል።

አሁን ደግሞ 2008 ዓ.ም.ን እንመልከት። በ2007 ዓ.ም. በልጉም ክረምቱም በብዙ ስፍራ ቀረ። ኤልኒኖ በመባል የሚታወቀው የፓስፊክ ውቅያኖስ መሞቅ የፈጠረው ይህ ድርቅ ከከባዶቹ ድርቆች አንዱ ነበር። የሕዝቡም ቁጥር ከ1977ቱ ጋር ሲነጻጸር ከእጥፍ በላይ ሆኗል። አስቸኳይ ዕርዳታ የሚያስፈልጋቸው ሰዎች ቁጥር 10.2 ሚሊዮን ደረሰ። ከሦስቱ ነገሮች ሁለቱ፣ ማለትም የአደጋው ብርታትና የተጋለጠው ሕዝብ ብዛት፣ ቀላል አልነበሩም። ይሁን እንጂ የ1977ቱ ዓይነት እልቂት አልደረሰም። የተለወጠው ሦስተኛው ነበር። በ1997 ዓ.ም. የተጀመረው የሴፍቲኔት ፕሮግራም ወደ 8 ሚሊዮን ለሚጠጉ ሰዎች በየዓመቱ እህል ወይም ገንዘብ ያደርስ ስለ ነበር ብዙ ቤተሰብ በሬውን ከመሸጥ ድኗል። በየቀበሌው የጤና ኤክስቴንሽን ሠራተኞች ስለ ነበሩ የከሱ ሕፃናት ከሰፈራቸው ሳይርቁ አልሚ ምግብ አግኝተዋል። መንገድ ተሠርቷል። መንግሥት ከራሱ በጀት አውጥቷል፤ ለጋሾችም ዘግየት ብለው ቢሆን ደርሰዋል። ከሁሉም በላይ በዚያ ወቅት በሰሜኑ ክፍል ጦርነት አልነበረም።

እዚህ ላይ ታሪኩ ቢያበቃ መልካም ነበር። ነገር ግን በጥቅምት 2013 ዓ.ም. በትግራይ የተጀመረው ጦርነት ወደ አማራና ወደ አፋር ክልሎችም ተስፋፍቶ ሁለት ዓመት ሲቆይ፣ በብዙ ዓመታት የተሠራው ፈረሰ። ጤና ጣቢያዎች ተዘረፉ፤ የእርሻ በሬ ታረደ፤ ባንክ ተዘጋ፤ ዕርዳታም ለረጅም ጊዜ ተቋረጠ። ከጦርነቱ በኋላ ድርቅ ሲመጣ ያገኘው ጎተራው የተራገፈ ሕዝብ ነው። በ2016 ዓ.ም. የኢትዮጵያ የሕዝብ እንባ ጠባቂ ተቋም በትግራይና በአማራ ክልሎች ወደ 400 የሚጠጉ ሰዎች በረሃብ መሞታቸውን አስታውቋል። ከዚህ የምንማረው ትምህርት ከባድ ነው። የመቋቋም አቅም አንዴ ከተገኘ ለዘላለም የሚኖር ንብረት አይደለም። የተሠራው እርከን ካልተጠገነ ይናዳል፤ ሰላምም እንዲሁ።

ለማገገም ጊዜ ያጣ መንጋ

ወደ ደቡብ ወርደን የቦረናን አርብቶ አደር ብንመለከት ደግሞ ሌላ ምክንያት እናገኛለን። እርሱም በሁለት ድርቆች መካከል ያለው የጊዜ ርዝመት ነው።

አርብቶ አደር ድርቅን ከማንም ይልቅ ያውቀዋል። መንጋውን ከፋፍሎ ያሰማራል፤ ለድርቅ ጊዜ የተከለለ የግጦሽ መሬት አለው፤ ጥልቅ የሆኑት የቦረና ኤላዎችም በሥርዓትና በተራ ይቀዳሉ። ከብት ያለቀበትን ሰው ጎሣው ያቋቁመዋል። ይህ ሁሉ ሥርዓት ግን የሚሠራው ከድርቁ በኋላ መንጋው እስኪያገግም ጊዜ ሲኖር ነው። ፍየል ቶሎ ትዋለዳለች፤ ጊደር ግን ተወልዳ፣ አድጋ፣ መጀመሪያ ጥጃዋን እስክትወልድ አራት ዓመት ያህል ይፈጃል። በየአሥር ዓመቱ የሚመጣ ድርቅ መንጋውን ያሳሳዋል፤ በየሦስት ዓመቱ የሚመጣ ግን ይጨርሰዋል።

ከ2013 እስከ 2015 ዓ.ም. የሆነው ከዚህ የባሰ ነበር። በደቡብና በምሥራቅ ኢትዮጵያ ቆላማ ስፍራዎች፣ በሶማሊያና በሰሜን ኬንያ አምስት የዝናብ ወቅቶች በተከታታይ ቀሩ። በሚሊዮን የሚቆጠሩ እንስሳት አለቁ፤ ከብት የነበራቸው ሰዎች በመጠለያ ሰፈሩ። ድርቁ እንዲህ የከፋው ዝናቡ ስለ ቀረ ብቻ አልነበረም። የግጦሹ መሬት በእርሻ፣ በአጥርና በቁጥቋጦ ተጣቦ ነበር፤ የአየሩም ሙቀት ጨምሮ የቀረችውን ጥቂት እርጥበት ከአፈሩ ይመጥጣት ነበር። በ2015 ዓ.ም. ጉዳዩን የመረመሩ ሳይንቲስቶች፣ ሰው ሠራሽ የሆነው የአየር ንብረት ለውጥ እንዲህ ያለ ድርቅ የመከሰቱን ዕድል ወደ 100 እጥፍ ያህል እንደ ጨመረው ገልጸዋል። የትናንቱ ብልሃት ያልበቃው ብልሃቱ መጥፎ ስለ ሆነ ሳይሆን አደጋው ከልኩ ስላለፈ ነው።

ጎርፍም እንደ ድርቅ ነው

ድሬዳዋን የሚያውቁ አንባብያን የደቻቱን ወንዝ አይዘነጉትም። በዓመቱ አብዛኛው ጊዜ ደረቅ አሸዋ ነው። ሰው ያቋርጠዋል፤ ነጋዴም በአሸዋው ላይ ሸቀጡን ዘርግቶ ይሸጥበታል። ደረቅ ስለ ሆነም በዳርቻው ቤት ይሠራል። ሐምሌ 29 ቀን 1998 ዓ.ም. ለሐምሌ 30 አጥቢያ፣ ከከተማይቱ በላይ ባሉት ተራሮች ላይ የጣለው ከባድ ዝናብ በሌሊት በተኙ ሰዎች ላይ ወረደ። ከ250 በላይ ሰዎች ሞቱ፤ በሺዎች የሚቆጠሩ ቤታቸውን አጡ። ወንዙ ከዚያ በፊትም ሞልቶ ያውቃል። ነገር ግን በላይ ያለው ተራራ ዛፉ ተመንጥሮ ስለ ነበር ውኃው በፍጥነት ወረደ፤ በታች ደግሞ በዳርቻው የሚኖረው ሕዝብ በዝቶ ነበር፤ በሌሊት የሚያስጠነቅቅ ሥርዓትም አልነበረም። ከዚያ በኋላ የመከላከያ ግንብ ተሠራ፤ ቤታቸው የፈረሰባቸውም በሌላ ስፍራ ሰፈሩ።

ስለ ግንብ ግን አንድ ማስጠንቀቂያ አለ። በብዙ አገር እንደ ታየው፣ ግንብ ሲሠራ ትንንሾቹ ጎርፎች ይቀራሉ። ሰውም ተማምኖ ከግንቡ ጀርባ ይሰፍራል። ጎርፉን ያዩት ያረጃሉ፤ ያላዩት ልጆች ያድጋሉ። ግንቡ ከተሠራበት ልክ በላይ የሆነ ጎርፍ የመጣ ቀን የሚያገኘው ከቀድሞው የበዛ ሕዝብና የተረሳ ፍርሃት ነው። ስለዚህ ግንቡ ከማስጠንቀቂያው፣ ከተራራው ልማትና ከሰፈራው ቁጥጥር ጋር ካልሆነ ጉዳቱን ለሌላ ቀን ያስተላልፈዋል እንጂ አያስቀረውም።

ጎርፍ ሁልጊዜ ጠላት አለመሆኑንም መዘንጋት አይገባም። በዚያው ዓመት በነሐሴ ወር የኦሞ ወንዝ ሞልቶ በዳሰነች አካባቢ ከ360 በላይ ሰዎችን እንደ ገደለ ተዘግቧል። ያው ወንዝ ግን በሌሎች ዓመታት በልኩ ሞልቶ ሲመለስ በዳርቻው ለም ደለል ይተው ነበር፤ ሕዝቡም በእርጥቡ ደለል ላይ ማሽላ ዘርቶ ይኖር ነበር። በ2009 ዓ.ም. ተመርቆ የተከፈተው የጊቤ 3 ግድብ ውኃውን ከያዘ በኋላ የየዓመቱ ሙላት ቀረ፤ ከሙላቱ በኋላ የሚዘራው ማሽላም አብሮ ቀረ። አንዱን አደጋ ሲቀንሱ ሌላው እንዳይጨምር አስቀድሞ ማሰብ የሚያስፈልገው ስለዚህ ነው።

ሊቃውንት ያወዳደሩት

እኛ በአገራችን ያየነውን በዓለም ዙሪያ ያጠኑ ሊቃውንት አሉ። በ2014 ዓ.ም. መጨረሻ በታተመ አንድ ጥናት፣ በተመሳሳይ ስፍራ በተለያየ ጊዜ የደረሱ 45 ጥንድ ጎርፎችና ድርቆች ተወዳድረዋል። የተገኘው ውጤት ሁለት ፊት አለው። በአንድ በኩል፣ ከመጀመሪያው አደጋ በኋላ የተሠራ ሥራ የሁለተኛውን ጉዳት በአጠቃላይ ይቀንሳል፤ ይህም ተስፋ ይሰጣል። በሌላ በኩል፣ ሁለተኛው አደጋ ከዚያ በፊት ታይቶ የማይታወቅ ሲሆን ጉዳቱን መቀነስ እጅግ አስቸጋሪ ነው። ሰው የሚዘጋጀው ባየው ልክ ነውና።

ከ45ቱ ጥንዶች መካከል ሁለተኛው አደጋ ብርቱ ሆኖ ሳለ ጉዳቱ ያነሰው በሁለቱ ብቻ ነበር። አንዱ በስፔን በባርሴሎና ከተማ ሲሆን ሌላው በኦስትሪያና በጀርመን የዳኑብ ወንዝ ተፋሰስ ነው። በሁለቱም ስፍራ ሦስት ነገሮች ተገኝተዋል። የሚመለከታቸው ክፍሎች በአንድነት መሥራታቸው፣ በግንባታም ሆነ ከግንባታ ውጭ ባለው ዝግጅት ላይ በቂ ገንዘብ መዋሉ፣ ማስጠንቀቂያውና የአደጋ ጊዜ ሥራው መሻሻሉ። እነዚህ ባለጸጋ አገሮች ናቸው። ሦስቱ ነገሮች ግን በባሕርያቸው ለባለጸጋ ብቻ የተሰጡ አይደሉም።

እኛ የተማርነው

ስለ ሌሎች ይህን ያህል ከተናገርን የራሳችንንም ስሕተት መደበቅ አይገባንም። ከጥቂት ዓመታት በፊት በአንድ ቆላማ ወረዳ ከእናንተ በተገኘው ገንዘብ ትልቅ ኩሬ ቆፈርን። ኩሬው ሞላ፤ ደስ አለን፤ ፎቶግራፍም አነሣን። በሚቀጥለው ድርቅ ከሩቅ ስፍራ የመጣው መንጋ ሁሉ በዚያ ኩሬ ዙሪያ ተከማቸ። በጥቂት ሳምንታት ሣሩ አልቆ መሬቱ አቧራ ሆነ። ከብቶቹ ውኃ እየጠጡ በሣር እጦት ወደቁ። አንድ ሽማግሌ ጠርተውን፣ «ልጆቼ፣ ውኃ ሰጣችሁን፤ ሣሩን ግን ማን ይስጠን?» አሉን። መልስ አልነበረንም። ኩሬውን ከመቆፈራችን በፊት የግጦሹን ሥርዓት ከሚያውቁት ሽማግሌዎች ጋር አልመከርንምና። አደጋውን ለመቀነስ ያደረግነው ሥራ የተጋለጠውን መንጋ ብዛት በአንድ ስፍራ ጨመረው። ዛሬ ኩሬ ከመቆፈራችን በፊት ማን እንደሚያጠጣ፣ ስንት ከብት እንደሚመጣ፣ የትኛው ሣር ተከልሎ እንደሚቆይ ከሕዝቡ ጋር ተነጋግረን እንወስናለን። ይህ ሥራ ለፎቶግራፍ አይመችም፤ ነገር ግን ከኩሬው የሚያንስ አይደለም።

ከእናንተ የምንጠይቀውም ከዚህ የሚወጣ ነው። የከሱ ሕፃናት ሥዕል ሲወጣ ብዙ እጅ ይዘረጋል፤ እግዚአብሔር ይስጥልን እንላለን። ነገር ግን በዚያን ጊዜ በሬው ተሽጧል፤ ዘሩም ተበልቷል። አባቶች «ጅብ ከሄደ ውሻ ጮኸ» ያሉት እንዲህ ያለውን ነው። በሬው ሳይሸጥ የደረሰ መኖ፣ ዘሩ ሳይበላ የደረሰ እህል፣ ጎርፉ ሳይወርድ በተራራው ላይ የተሠራ ክትርና እርከን፣ በጥጋቡ ዓመት የተሞላ የመንደር ጎተራ፣ እነዚህ ሁሉ ቤተሰቡን በእግሩ እንደ ቆመ ያቆዩታል። ሳይቃጠል በቅጠል ማለት ይህ ነው።

ዮሴፍ በግብፅ አገር የሚታወሰው በሰባቱ የረሃብ ዓመታት እህል ስላከፋፈለ ነው። የሚያከፋፍለውን ያገኘው ግን በሰባቱ የጥጋብ ዓመታት ስላከማቸ ነበር። የጥጋቡ ዓመታት ሥራ ባይኖር ኖሮ የረሃቡ ዓመታት ታሪክ ሌላ ይሆን ነበር።

ስለዚህ «ዕርዳታችን ያመጣው ለውጥ አለ ወይ?» ለሚለው ጥያቄ መልሳችን «አዎን፣ ጊዜውን ከጠበቀና ካልተቋረጠ» የሚል ነው። በሚመጡት እትሞች ስለ እርከን፣ ስለ ዘርና ስለ ግጦሽ የሚወጡት ዘገባዎች እንደ ረሃብ ዜና ልብ የሚነኩ አይሆኑም። ሆኖም እንደ ረሃብ ዜና በጥሞና እንድታነቧቸው እንለምናለን። ዝናቡ መልካም ሆኖ፣ ጋዜጣም ሬዲዮም ዝም ባለበት ዓመት «ዘንድሮስ ምን እየሠራችሁ ነው?» ብላችሁ ጠይቁን። የሚቀጥለው ድርቅ ምን ያህል እንደሚጎዳ የሚወሰነው በዚያ ዓመት ነው።